የባኞው ሰምና ወርቅ

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ማደስ የጀመረ ሰው ከሁለት ነገር አያመልጥም፤ ከዕዳና ከምክር። ዕዳው ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ምክሩ ግን አሸዋው ከመኪና ሳይራገፍ ይደርሳል። ጎረቤት ብቅ ይላል፣ ዘመድ ይደውላል፣ ሴራሚክ ሠሪው ራሱ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይፈላሰፋል። ከምክሩ ሁሉ ባልና ሚስትን የሚያኳርፈው ደግሞ የመታጠቢያ ቤቱ አሮጌ ሴራሚክ ተፈልፍሎ በማዳበሪያ መውጣት ሲጀምር የሚነሳው ነው፤ «ባኞ ይግባ ወይስ ሻወር ይበቃል?»

ላይ ላዩን ሲታይ የምርጫና የኪስ ጉዳይ ይመስላል። ይሄ ደግሞ ለጋዜጣ ዓምድ ይበቃል ወይ የሚል አንባቢም አይጠፋም። እኔ ግን ብዙ ዓመት ተማሪ ፊት ቆሜ ልቦለድና ግጥም ስተነትን የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ልማድ ሆኖብኝ ቤትንም እንደ ድርሰት አነባለሁ። ሳሎን ለአንባቢ ታስቦ የተጻፈ መቅድም ነው። ጓዳው ስርዝ ድልዝ የበዛበት ረቂቅ ነው። መታጠቢያ ቤቱ ግን ደራሲው ቤቱን ለማን እንደጻፈው ሳይታወቀው የሚናገርበት ገጽ ነው። እስቲ ዛሬ ይህን ገጽ አብረን እናንብበው።

ከቃሉ እንጀምር። «ባኞ» ጣልያንኛ ነው። በባለቤቶቹ አፍ መታጠቡንም መታጠቢያ ክፍሉንም ይመለከታል፤ ገንዳውን ለይተው ሲጠሩት «ቫስካ» ይሉታል። እኛ ዘንድ ሲደርስ ገንዳው ራሱ ባኞ ሆነ፤ ክፍሉ ደግሞ «ባኞ ቤት» ተባለ። ስለዚህ በየሰፈሩ አንድም ገንዳ ገብቶበት የማያውቅ፣ አንድ ቧንቧና አንድ ሳፋ ብቻ ያለው ክፍል «ባኞ ቤት» ይባላል። ዕቃው ሳይገባ ስሙ ገብቶ ተደላድሏል። ስም ከዕቃ ሲቀድም ደግሞ፣ ዕቃው የጎደለበት ሰው አንድ ነገር እንደጎደለው ሆኖ ይሰማዋል።

ግሳችንንም ልብ በሉ። አማርኛ «ታጠበ» ብቻ ብሎ አይተውም፤ «አስታጠበ» የሚል አለው። የሚታጠብ ሰው ካለ ውሃ የሚያፈስለት ሌላ ሰው አለ ማለት ነው። ማዕድ ሲቀርብ ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዞ የሚዞረውን ልጅ፣ ከሩቅ መንገድ ለመጣ እንግዳ ይቀርብ የነበረውን የእግር ውሃ አስቡ። ውሃው ከላይ ይወርዳል፣ እድፉን ይዞ ይሄዳል። በቆመ ውሃ ውስጥ ገብቶ ተጋድሞ መቆየትን የሚገልጽ ቃል ብትፈልጉ ግን «ተዘፈዘፈ» የሚለውን ነው የምታገኙት፤ እሱ ደግሞ የልብስና የባቄላ ነው። «ጋሼ የት ሄዱ?» ለሚል እንግዳ «ባኞ ቤት ተዘፍዝፈዋል» ብሎ የሚመልስ ቤተሰብ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ይህን ስል ገንዳ ለእኛ ባዕድ ነው ማለቴ አይደለም። ይህች ከተማ ራሷ የገላ መታጠብ ልጅ ናት። አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍል ውሃው እየወረዱ ይታጠቡ እንደነበር፣ እቴጌይቱም በ1879 ዓ.ም. እዚያው አካባቢ ቤት አሠርተው ስፍራውን አዲስ አበባ እንዳሉት ትምህርት ቤት የተማርነው ነው። ከዚያም ወዲህ የከተማው ሰው ትውልድ በትውልድ ፎጣውን ጠቅልሎ ፍል ውሃ ወርዷል፤ ተራ ጠብቋል፣ ታጥቧል፣ ወጥቶ አረፍ ብሏል። ሙቅ ውሃ ውስጥ መጋደም ነውር እንዳልሆነ የሚነግረኝ አላስፈልግም፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ለዋለ ገላ ጽድቅ ነው።

ነገር ግን የፍል ውሃውን ውሃ ምድር ሞቆ አፍልቆታል። ማንም በጀሪካን አልተሸከመውም፣ ማንም ለማሞቅ ቆጣሪ አላስቆጠረም። የገንዳን ደስታ ደስታ የሚያደርገው ይኸው ያልተቆጠረ ሙቅ ውሃ ነው። እኛ ገንዳውን ይዘን ቤታችን ገባን፤ ምንጩን ግን እዚያው ተውነው።

እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራ። ተራ የሚባለው ባኞ ርዝመቱ ከ150 እስከ 170 ሴንቲ ሜትር ነው። ሰው ተጋድሞበት ውሃው ደረቱ ድረስ እንዲደርስ ከ150 እስከ 200 ሊትር ይፈልጋል። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከስምንት እስከ አሥር ጀሪካን መሆኑ ነው። አሁን ወደ ቦይለሩ ተመልከቱ። በብዙ ቤት የተሰቀለው ባለ 50 ሊትር ነው። በ60 ዲግሪ ያሞቀውን ውሃ 18 ዲግሪ ከሆነ ቀዝቃዛ ጋር ብትቀላቅሉት፣ ለገላ የሚመች የ40 ዲግሪ ውሃ 95 ሊትር ያህል ብቻ ይሰጣችኋል። ባኞው ግማሽ ላይ ይቆማል። ቦይለሩ እንደገና እስኪያሞቅ ብትጠብቁ ደግሞ የመጀመሪያው ግማሽ ይቀዘቅዛል። ብዙ ገዢ ከባኞው ጋር ትልቅ ቦይለር መግዛት እንዳለበት የሚሰማው ባኞው ከተተከለ በኋላ ነው።

ሻወርስ? በደቂቃ 10 ሊትር የሚያወርድ ሻወር ሥር አምስት ደቂቃ የቆመ ሰው 50 ሊትር ይጨርሳል። አንድ ባኞ ሦስት አራት ሰው ያጥባል ማለት ነው። ግን ለእውነት እንቁም፤ እዚያው ሻወር ሥር ሃያ ደቂቃ ቆሞ የሚያንጎራጉር ጎረምሳ 200 ሊትር ያፈሳል፤ ባኞ ሞላ ማለት ነው። ቆጣቢው ዕቃው ሳይሆን ሰውየው ነው።

ክፍል ውስጥ ስለ ተውኔት ሳስተምር የሩሲያዊውን የቼኾቭን ምክር ሳላነሳ አላልፍም ነበር፤ በመጀመሪያው ገቢር ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጠመንጃ ኋላ ላይ ካልተተኮሰ ከመጀመሪያው መሰቀል አልነበረበትም የሚለውን። የአዲስ አበባ ባኞ ያልተተኮሰ ጠመንጃ ነው ልል ስል ግን አንድ ነገር ያዘኝ። ተተኩሷል እኮ! የተተኮሰው ባልተጠበቀ አቅጣጫ ነው እንጂ።

የምታውቁትን ቤት በልባችሁ ግቡበት። የፕላስቲክ መጋረጃውን ገለጥ ስታደርጉ ነጩ ባኞ እስከ አፍ ገደፉ በውሃ ተሞልቷል። ላዩ ላይ አንድ ጆግ ተንሳፏል። ጠርዙ ላይ የልብስ ሳሙናና ብሩሽ ተቀምጧል። ቤተሰቡ የሚታጠበው ከባኞው አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብሎ በጆግ እየቀዳ ነው። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቃለን። ገፈርሳ፣ ለገዳዲና ድሬ ከነአቃቂ ጉድጓዶች ተደምረው ይህን የሚያድግ ከተማ ማርካት ስላቃታቸው፣ ዛሬም ውሃ በፈረቃ የሚያገኙ ሰፈሮች አሉ። በፈረቃው ሌሊት ቧንቧው ሲያስነጥስ የሰማ ሰው ከአልጋው ዘሎ ባኞውን ይሞላል።

እንግዲህ ሰምና ወርቁ ይኸውላችሁ። ሰሙ ባኞ ነው፤ ወርቁ በርሜል። ባለቤቱ የገዛው ሰሙን ነው፤ የሚኖረው ግን በወርቁ ነው።

በዚህ የሚስቅ ካለ እኔ አብሬው አልስቅም። ውሃ በሌለበት ከተማ 200 ሊትር ማስቀመጫ ማግኘት ብልሃት ነው። የሚያሳዝነኝ ብልሃቱ ውድ መሆኑና አደጋም ያለበት መሆኑ ነው። ባኞ ክዳን የለውም። በእግሩ ድክ ድክ ማለት የጀመረ ሕፃን ሊሰጥም የሚችለው በጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ነው፤ እኛ ግን ሙሉ ገንዳ ክፍት አድርገን በሩን ገርበብ አድርገን እንወጣለን። እንደ ድሬዳዋ ባሉ ሞቃት ከተሞች ደግሞ ያልተከደነ የተጠራቀመ ውሃ የዴንጊ ትኩሳት አስተላላፊዋ ትንኝ መራቢያ ነው። ሮቶው ክዳን አለው፣ መቅጃ ቧንቧ አለው፣ ከመተላለፊያም ላይ ዞር ይላል። በርሜል ካስፈለገን በርሜል ብለን እንግዛ።

አሁን ደግሞ ባኞውን ማን ይሞላዋል የሚለውን እንጠይቅ። ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ግፊቱ ደክሞ ውሃ ሳይደርስ ሲቀር፣ ከታች ቀድታ የምትወጣው ልጅ አለች። ውሃ አያዳላም፤ አንዱ ሊትር አንድ ኪሎ ነው። አሥር ጀሪካን ሁለት ኩንታል ይሆናል፤ በሁለት እጅ ሁለት ሁለት ቢያዝ እንኳ አምስት ጊዜ ወርዶ አምስት ጊዜ መውጣት ነው። ቪላው ውስጥም ቢሆን ታሪኩ ብዙም አይለይም። ባኞውን የምትሞላው፣ ቅባቱ ጠርዙ ላይ ክብ መስመር ሲሠራ ጎንበስ ብላ የምትፈገፍገው እሷ ናት። እሷ ራሷ ገላዋን የምትታጠበው ግን ሰርቪስ ቤት በሳፋ ነው። ቤይሩትና ሪያድ፣ ዱባይና ኩዌት ሄደው የሰው ቤት የሚሠሩ ስንት ልጆቻችን የባኞን ጠባይ ከማንኛችንም በላይ ያውቁታል። ያወቁት ግን ተጋድመውበት አይደለም፤ ተንበርክከው ነው።

ታዲያ ሒሳቡም ጉልበቱም ይህን ያህል የሚከራከረውን ዕቃ ለምን እናስገባለን? መልሱን ከአንድ የቧንቧ ባለሙያ ሰማሁት። «ጋሼ፣ ባኞ የሌለው ቤት እኮ ሲሸጥ ዋጋ ያጣል» አለኝ።

«ልሸጠው ነው ያልኩህ?»

«አይ፣ እንዲያው ድንገት ቢሸጡት።»

«እስክሸጠው ድረስስ?»

«እስከዚያማ…» አለና ጉዳዩን አጥብቆ አሰበበት። «እስከዚያማ ውሃ ያጠራቅሙበታል።»

ልጁ የዋህ አይደለም፤ የከተማውን ልብ አንብቦታል። ደላላው በስልክ «ባለ አራት መኝታ፣ ሁለት ባኞ ቤት፣ ሰርቪስ» ብሎ ሲቆጥር ባኞው ለገላ አይደለም የሚቆጠረው፤ ለማዕረግ ነው። ቤቶቻችንን የምንሠራው ለሁለት ሰዎች ሆኗል፤ አንድ ቀን ለሚመጣ እንግዳና አንድ ቀን ለሚመጣ ገዢ። ሁለቱም እዚያ አይኖሩም። በየቀኑ የሚኖረው ገላ ግን አልተጠየቀም። ሳሎን ውስጥ ማንም የማይቀመጥበት ሶፋ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ማንም የማይበላበት ሰሃን አለን። ባኞው የእነሱ ታላቅ ወንድም ነው።

እኔ በዚህ ክርክር ሚዛን የሚደፋው አንድ ሰው ነው ባይ ነኝ፤ በቤቱ ውስጥ ጉልበቱ ከሁሉም የደከመው። ብዙዎቻችን ቤት የምናድሰው ሃምሳዎቹ ውስጥ ስንገባ ነው። በዚያ ዕድሜ ወይ እናት ከክፍለ ሀገር መጥተው ከእኛ ጋር ይኖራሉ፣ ወይ አባት ኦፕራሲዮን ሆነው ያገግማሉ፤ እነሱ ባይኖሩ እንኳ የራሳችን ጉልበት ደረጃ ላይ ማጉረምረም ጀምሯል። የባኞ ጠርዝ ከወለሉ 50 እና 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። የሰባ አምስት ዓመት እናት ይህን ለመሻገር በአንድ እግራቸው በረጠበ ሴራሚክ ላይ መቆም፣ ሌላውን አንስተው የሚያንሸራትተው ገንዳ ውስጥ ማሳረፍ አለባቸው፤ ያውም ከመጋረጃ በቀር የሚይዙት ሳይኖር። በዚያ ዕድሜ አንድ መውደቅ የዳሌ አጥንት ይሰብራል። የዳሌ ስብራት ደግሞ ስንት አዛውንት ከአልጋ እንዳያነሳ ያደረገ ነገር ነው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ለሕዝብ አገልግሎት የሚውሉ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር። ሕግ ግን ሰው ጓዳ ገብቶ የእናትህ መታጠቢያ የታለ ብሎ አይጠይቅም። እዚያ የሚገባው የባለቤቱ ሕሊና ብቻ ነው።

ቀደም ብዬ «አስታጠበ» የሚለውን ግስ ያነሳሁት ለዚህ ነው። በሆሜር ኦዲሴይ ውስጥ ከሃያ ዓመት በኋላ በለማኝ ልብስ ቤቱ የተመለሰውን ሰው ማንነቱን የምታውቀው አሮጊቷ ሞግዚት ናት። የምታውቀውም እግሩን ስታጥብ ጠባሳውን ዳስሳ ነው። ዓይን ያልለየውን እጅ ለየው። መታጠብ ሁልጊዜ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። በሕይወታችን መጀመሪያ ሰው ያጥበናል፤ ብዙዎቻችን መጨረሻውም ላይ ሰው ያጥበናል። እናም መታጠቢያ ቤት ለሁለት ሰው የሚበቃ መሆን አለበት፤ ለሚታጠበውና ለሚያስታጥበው። ባኞ ውስጥ ያለን በሽተኛ የሚያጥብ ሰው ተንበርክኮ፣ ወገቡን አጥፎ፣ እርጥብ ገላ በብብት ይዞ ማንሳት አለበት። ሻወር ሥር በርጩማ ላይ የተቀመጠን ሰው ግን ቆሞ ማጠብ ይቻላል።

እና ሻወር ይሁን? ይሁን፤ ግን ሻወርም በስሙ ብቻ አይጸድቅም። ዛሬ ዛሬ በየሱቁ የተደረደረው በመስታወት የተከበበው ካቢን ሻወርም የራሱ ሰም አለው፤ መርገጫው ከወለሉ ከፍ ብሎ፣ በሩ ጠቦ፣ እሱም አዛውንትን ያሰናክላል። ደህና ሻወር ወለሉ ከክፍሉ ወለል ጋር እኩል ነው፤ ደፍ የለውም። ውሃው እንዳይተኛ ወደ ማፍሰሻው በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ሴራሚኩ የሚያብለጨልጭ ሳይሆን እግር የሚይዝ ሻካራ ነው። መያዣ ብረቱ የሚታሰብበት ጊዜ ሴራሚኩ ሳይለጠፍ ነው፤ ግድግዳችን ባዶ ሆድ ብሎኬት ስለሆነ፣ ብረቱ የሚታሰርበት ብሎኬት በኮንክሪት ካልተሞላ የሰው ክብደት ሲያርፍበት ብሎኑ ተነቅሎ ይወጣል። የሻወሩ ራስ በሆስ የሚወርድና የሚሰቀል ቢሆን ተቀምጦም ቆሞም ያጥባል። ከጉልበት ዝቅ ብሎ አንድ ተጨማሪ ቧንቧ ይውጣ፤ ሳፋው፣ ጀሪካኑና የሕፃኑ ገላ የሚታጠበው ከዚያ ነው።

የግፊቱንም ነገር አትርሱ። ከጋን የሚወርድ ውሃ በየ10 ሜትሩ ከፍታ አንድ ባር ያህል ግፊት ያገኛል፤ ባር ስል የምንጠጣበትን አይደለም። ሮቶው ከሻወሩ ራስ ሁለት ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ የምታገኙት የአንድ ባር አንድ አምስተኛ ነው፤ ዝናብ ሳይሆን ካፊያ። ያኔ ወይ ጋኑ ከፍ ይበል፣ ወይ ትንሽ ፓምፕ ይግባ። የባኞው ዋጋ ወደዚህ ቢዞር ቤተሰቡ ሁሉ ይታጠብበታል።

ባኞ የሚያስፈልገው ቤት የለም ወይ? አለ። ሁለት መታጠቢያ ክፍል ያለው፣ ውሃው የማይቆራረጥበት፣ ቦይለሩ የሚበቃው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በእርግጥ የሚጋደምበት ሰው ያለበት ቤት ያስገባ። ደስታም ምክንያት ነው፤ የሰው ሁሉ ቤት በሊትር ተለክቶ ይሠራ አልልም። የእኔ ጠብ ከባኞው ጋር አይደለም። ማንም ካልገባበት ባኞ ጋር ነው።

ስለዚህ ሴራሚክ ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት ባልና ሚስት ቁጭ በሉና ሦስት ነገር ተጠያየቁ። ሰፈራችን ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ባይመጣ ማን ይሸከመዋል? ከዛሬ አሥር ዓመት በኋላ እዚህ ክፍል ውስጥ ማን ማንን ያስታጥባል? ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ዝም ካላችሁ ጥሩ ነው፤ ማሰብ ጀምራችኋል ማለት ነው። ያኔ ባለሙያውን ጥሩትና ሴራሚኩን ከመለጠፉ በፊት የመያዣውን ብረት ቦታ አሳዩት።